ከሮቶው ጎን ያለችው ፀሐይ

ኅዳር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ በአንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ፣ ነዋሪዎች እንባ ጠባቂ አድርገው የመረጧቸው ጡረተኛው የአየር ሁኔታ ተመልካች አቶ ልሳኑ እና ምድር ቤት የሚኖሩት አቤቱታ አቅራቢዋ ወ/ሮ ደብሪቱ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል።

አቶ ልሳኑ፦ «ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ። ከውኃ ሮቶው ጎን ባለው ሲሚንቶ ላይ ሰማያዊ ሸራ ተዘርግቷል። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ሁለት ሜትር። በላዩ ሃያ ኪሎ ገደማ ዛላ በርበሬ ተሰጥቶበታል። በአራቱ ማዕዘን አራት ድንጋይ አለ። ከሸራው ስድስት እርምጃ ርቃ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ነፋስ...»

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ይዝለሉት እሱን፣ ጋሼ ልሳኑ። ሸራዬ ሰማያዊ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ረቡዕ ዕለት ሸራዬን ወደ ጥላ የጎተተው ማን ነው? ያቺ በርጩማ ላይ ያዩዋት ትርሲት ናት። ይጻፉት፣ ማኅተም ይምቱበት፣ ደጇ ላይ ይለጥፉት። አለቀ።

አቶ ልሳኑ፦ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ነገሩ ሳይለወጥ በፊት እንዴት እንደነበረ ሳንስማማ፣ ማን ለወጠው ብለን መነጋገር አንችልም።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ደግሞ «ወይዘሮ» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት «አንቺ ደብሪቱ» ሲሉኝ ኖረው ዛሬ ምን ነካዎት?

አቶ ልሳኑ፦ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው ሁሉ እርስዎ ነው። ትናንት ባለቤቴ ስለ ደረጃው አምፖል አቤት ልትል መጥታ፣ እሷንም እርስዎ ብያታለሁ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እሷስ ምን አለች?

አቶ ልሳኑ፦ «እራትዎን እዚሁ ይብሉ» አለችኝ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አበጀች። አሁን ይስሙኝ። ይህ ለቤት ወጥ የሚሆን በርበሬ አይደለም። የልጄ የማኅደር ሰርግ ጥር አሥራ ሦስት ነው። ለሙሽራው ቤተሰብ «በርበሬው ከእኔ» ብዬ በሽማግሌ ፊት ተናግሬያለሁ። እስከ ኅዳር መጨረሻ መድረቅ አለበት። ከዚያ መቀንጠስ አለ፣ መደለዝ አለ፣ እንደገና ማስጣት አለ፣ ወፍጮ ቤት መሰለፍ አለ። ረቡዕ ጥላ ውስጥ አግኝቼው ስገለብጠው ከታች ነጭ ነጭ ነገር አየሁበት። መሻገት ጀምሯል።

አቶ ልሳኑ፦ ስንት ዛላ ላይ አዩ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ቆጠራ ነው እንዴ?

አቶ ልሳኑ፦ ቆጠራ ነው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ዘጠኝ። ለቅሜ ጣልኳቸው።

አቶ ልሳኑ፦ ዘጠኝ። እሺ። ጽፌያለሁ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሲጽፉ ደስ ይላሉ። ዘጠኙ ዘጠና እስኪሆን እየጻፉ ሊቆዩ ነው? ደብዳቤ ይስጡኝ። «ትርሲት ከሮቶው ጎን እንዳትቀመጥ፣ የሰው ሸራ እንዳትነካ»። ሁለት መስመር ነው።

አቶ ልሳኑ፦ እንባ ጠባቂ አያዝም። ይሰማል፣ ሄዶ ያያል፣ ሐሳብ ያቀርባል። ሲመርጡኝ በስብሰባው ላይ ይህ ተነቧል።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ማኅተሙ ታዲያ ለምን ተቀረጸ?

አቶ ልሳኑ፦ «አይቻለሁ» ለማለት።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ለዚህ ነው እኔ እጄን ያወጣሁልዎት?

አቶ ልሳኑ፦ እጅዎን አላወጡም። ድምፅ ሲቆጠር ስብሰባውን ጥለው ወጥተው ነበር።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ በደረጃ ማጠብ ተራ ተናድጄ ነበር። በልቤ ግን አውጥቼልዎታለሁ።

አቶ ልሳኑ፦ እሱን መዝገብ ላይ ማስገባት አልችልም። አሁን ወደ ረቡዕ እንሂድ። እሑድ ዕለት «ቦታዬን ያዘችብኝ» ብለው ሲነግሩኝ፣ እኔ ሰኞ ጠዋት ማየት ጀመርኩ። በመጀመሪያ ያደረግሁት አራቱን ድንጋዮች ዙሪያቸውን በጠመኔ መክበብ ነው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ያ ነጭ ክብ የእርስዎ ነው? እኔ የሕፃናት ጨዋታ መስሎኝ በመጥረጊያ...

አቶ ልሳኑ፦ ሦስቱን ሐሙስ ጠዋት ጠርገውብኛል። እኔ ግን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ እርስዎ ሸራውን ሳይነኩት ደርሼ አይቼዋለሁ። አራቱም ድንጋዮች በአራቱ ክብ ውስጥ ነበሩ። አንድ ጣት አልተነቃነቁም።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሊሆን አይችልም። ገበያ ስሄድ ፀሐይ ላይ ትቼው ነው የሄድኩት። በስምንት ሰዓት ስመለስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥላ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት እዚያ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር አይቆምም። ያቃጥላል። ሸራው በእግሩ ሄደ?

አቶ ልሳኑ፦ ሸራው አልሄደም። ጥላው ነው የመጣው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ከየት?

አቶ ልሳኑ፦ ከአጥሩ ወዲያ ከሚሠራው ሕንፃ። በመስከረም አራተኛው ፎቅ ላይ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት የስድስተኛውን ኮንክሪት ሞሉ። አምና ፀሐይ ከዚያ ሲሚንቶ ላይ የምትነሳው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። አሁን ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ትነሳለች። በየሩብ ሰዓቱ የጥላውን ጠርዝ በጠመኔ እያሰመርኩ ተከትዬዋለሁ፤ መስመሮቹን ደግሞ እባክዎ አይጥረጉብኝ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ማክሰኞስ? ማክሰኞ ጥላ አላየሁም።

አቶ ልሳኑ፦ ማክሰኞ ስንት ሰዓት ላይ አነሱት?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ስድስት ሰዓት ላይ። ለቅሶ ነበረብኝ።

አቶ ልሳኑ፦ ሰኞስ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሰኞ... ሰኞ ማኅደር ናት ያነሳችልኝ። ስለዚህ ትርሲት አልነካችውም ነው የሚሉኝ።

አቶ ልሳኑ፦ አልነካችውም።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ በአንድ ጣቷ እንኳ?

አቶ ልሳኑ፦ በአንድ ጣቷ እንኳ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እሺ፣ ረቡዕን እንተወው። የጠዋቱስ? በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እኔ በርበሬዬን ላሰጣ ስወጣ፣ እሷ በአንድ ሰዓት ተኩል ልጇን ቅባት ቀብታ፣ በርጩማዋን ይዛ ከች። ከዚያ ልጁ ሲያነጥስ እኔን ታየኛለች። የማስነጥሰው እኔ ይመስል።

አቶ ልሳኑ፦ እርስዎ ነዎት የሚያስነጥሱት። ሐሙስ ዕለት በርበሬውን እየገለበጡ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ አነጠሰ። ትናንት ሳይገለብጡት ሁለት ጊዜ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ የሕፃን ንጥሻ ቆመው ቆጠሩ?

አቶ ልሳኑ፦ ትርሲትም ቆጥራለች። የሐሙሱን አሥራ ሦስት ነው ያለችው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አዩ? ታጋንናለች።

አቶ ልሳኑ፦ አላጋነነችም። ሁለቱ የእኔ ነበሩ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አያስቁኝ፤ ልስቅ አልመጣሁም።

አቶ ልሳኑ፦ ሌላም ለክቻለሁ። ከባለቤቴ በርበሬ አሥር ዛላ ወስጄ ከእርስዎ ሸራ ጎን አስቀመጥኩ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ስመዝነው ስልሳ ግራም ነበር። በሦስት ሰዓት ስልሳ አንድ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ጨመረ?

አቶ ልሳኑ፦ ጨመረ። በኅዳር ጠዋት ጤዛ አለ፤ በርበሬው ይጠጣዋል። መቅለል የሚጀምረው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በሰባት ሰዓት ሃምሳ ሦስት ገባ። ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት እዚያ መሰጣቱ ምንም አይጠቅመውም።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ዘጠኝ ዓመት ከእንቅልፌ እየተነሳሁ...

አቶ ልሳኑ፦ ጤዛ ሲያጠጡት ነበር።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ባለቤትዎ በርበሬዋን እንደመዘኑት ታውቃለች?

አቶ ልሳኑ፦ አሥር ዛላ መጉደሉን ታውቃለች። የት እንደሄደ ገና አልነገርኳትም። ግን ልጠይቅዎት፤ ለምንድነው በዚያ ሰዓት የሚያወጡት?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ቦታውን ሰው እንዳይቀድመኝ።

አቶ ልሳኑ፦ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ሰው ቀደመዎት?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ማንም።

አቶ ልሳኑ፦ ታዲያ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ማንም ያልቀደመኝ ስለምቀድም ነዋ።

አቶ ልሳኑ፦ ይህንን በልኬት ማፍረስ አልችልም። ሕፃኑ ግን የሚፈልገው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ጤና ጣቢያ የነገሯት እንደዚያ ነው፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ። በርበሬው የሚፈልገው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ሙሉ አንድ ሰዓት ባዶ አለ። እናንተ የተጣላችሁት በርበሬው በማይፈልገው ሰዓት ነው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እሷ ምን አለችዎት? እሷንም አናግረዋታል፤ አውቃለሁ። ሐሙስ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ አይቼዎታለሁ።

አቶ ልሳኑ፦ ሁለቱንም ወገን መስማት ግዴታዬ ነው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ስለ በርበሬዬ ምን አለች? «ልጄን በሚጥሚጣ ፈጀችው» አለች?

አቶ ልሳኑ፦ ስለ በርበሬው አንድም ቅሬታ አልተናገረችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። እንድነግርዎት ፈቅዳለች። ላንብበው?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ያንብቡት።

አቶ ልሳኑ፦ «እትዬ ደብሪቱን ምን አስቀይሜያቸው ነው? ብሎኩ ሁሉ ገንፎዬን ሲቀምስ እሳቸው ብቻ ቀሩ።»

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እኔ ቀረሁ? እኔ ነኝ የቀረሁት? ጋሼ ልሳኑ፣ ያቺ ልጅ ምጥ ሲይዛት ደረጃው ላይ የደገፍኳት እኔ ነኝ። ባሏ ጫማውን ግራና ቀኝ አጣምሞ አድርጎ ሲንቀዠቀዥ፣ መኪና ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ወልዳ በገባች በሳምንቷ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቅቤው እታች ድረስ ሲሸት፣ ሃያ አራቱ ቤት ሲወጣና ሲወርድ በበሬ ቀዳዳ እያየሁ ቁጭ አልኩ። ነጠላዬን ለብሼ ነው የተቀመጥኩት። «አሁን ይጠሩኛል» እያልኩ። ማንም አላንኳኳም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነጠላዬን አወለቅሁ።

አቶ ልሳኑ፦ ደብሪቱ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አንድ ማንኪያ ገንፎ ብሎ ይስቃል ሰው። ገንፎው አይደለም። አራስ ቤት ያልተጠራ ጎረቤት ምን ይባላል?

አቶ ልሳኑ፦ ደብሪቱ፣ ተጠርተሻል።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አሁን «አንቺ» አሉኝ።

አቶ ልሳኑ፦ ከወንበሩ ተነስቻለሁ። ናሆም፣ ባሏ፣ ጥሪውን የላከው በብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ነገ አራት ሰዓት ገንፎ፤ ሁላችሁም» ብሎ። አሳይቶኛል።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እኔ ግሩፑ ውስጥ የለሁም።

አቶ ልሳኑ፦ ከመስከረም አሥራ ሰባት ጀምሮ የለሽም። «ደረጃውን የማጥበው እኔ ብቻ ነኝ፣ ደህና ሁኑ» ብለሽ ጽፈሽ ወጣሽ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ የሚለምነኝ ሰው ይኖራል ብዬ ነበር።

አቶ ልሳኑ፦ ናሆም መውጣትሽን አላየም። ሚስቱ ዘጠነኛ ወሯ ገብቶ ነበር፤ ስልኩን የሚያየው ሐኪም ሲደውል ብቻ ነው። «ሁሉም አንብቦታል» ብሎ ነገራት። እሷ ደግሞ አንቺ አንብበሽ የቀረሽ መሰላት።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ የኔን በር ማንኳኳት ምን ይከብዳል? ከደረጃው ሥር እኮ ነው። ሲወጣም ሲገባም ያልፈዋል።

አቶ ልሳኑ፦ እኔም እንደዚያ አልኩት። ጆሮው ቀላ። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ጆሮው መቅላቱን?

አቶ ልሳኑ፦ የሁለቱንም ጆሮ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እኔ ደግሞ አምስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳኋት። በደረጃው ሳገኛት ቁልፍ የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬ ውስጥ እጎረጉራለሁ። ይቀመጡ ጋሼ፤ ቆመው ሲያዩኝ ይጨንቀኛል።

አቶ ልሳኑ፦ እሺ። ከተቀመጥኩ እንግዲህ ሐሳብ ላቅርብ። በርበሬዎ አሁን ባለበት ሁኔታ፣ በቀን አምስት ሰዓት ፀሐይ ካገኘ በስምንት ቀን ይደርቃል። ከአምስት ካነሰ ኅዳር ያልቅበታል። ከሮቶው ጎን የሚጠቅም ፀሐይ ያለው ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ከአሥር ነው። አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ሰባተኛው ፎቅ ሲጨመር ደግሞ ይቀንሳል።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ አይበቃም ማለት ነው።

አቶ ልሳኑ፦ አይበቃም። የትርሲት በረንዳ ግን ወደ ኳስ ሜዳው ነው የሚያየው። ፊት ለፊቱ ምንም ሕንፃ የለም። ጠዋት ጥላ ስለሆነ ነው ሕፃኑን ይዛ የምትወርደው። ፀሐይ የምትገባበት አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ነው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እስከ ስንት ትቆያለች?

አቶ ልሳኑ፦ አልለካሁም።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እርስዎ? አልለካሁም?

አቶ ልሳኑ፦ አራስ ቤት ውስጥ ሰዓት ይዤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነውር መሰለኝ። ሸራው ግን አንድ ጎኑ ቢታጠፍ ይገባል። እሱን ለክቻለሁ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሕፃኑስ? ከታች ያስነጠሰው ከላይ አያስነጥሰውም?

አቶ ልሳኑ፦ የበረንዳው በር መስታወት ነው፤ ይዘጋል። የሚያስነጥሰው መገለባበጡ ነው። በርበሬው የሚገለበጠው ጠዋት፣ እናትና ልጅ ከታች ፀሐይ ሲሞቁ ይሆናል። እርስዎ ይወጣሉ፣ እነሱ ይወርዳሉ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ እሷ ሳትኖር እንዴት አድርጌ ነው ቤቷ የምገባው?

አቶ ልሳኑ፦ ትርፍ ቁልፉን እሰጣቸዋለሁ ብላለች።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ የቤቷን ቁልፍ?

አቶ ልሳኑ፦ የቤቷን ቁልፍ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሸራዬን ጎተተች ብዬ አቤት ማለቴን እያወቀች?

አቶ ልሳኑ፦ አቤቱታውን አንብቤላታለሁ። ቃል በቃል።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ «እርጥብ አራስ፣ ደረቅ ልብ» የሚለውንም?

አቶ ልሳኑ፦ እሱን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ሳቀች።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ምን ዓይነት ነገር ነው። ጋሼ ልሳኑ፣ እኔ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ እኮ።

አቶ ልሳኑ፦ ለስንት ሰው?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ለሰባት። ሥጋ ቤቱን ጨምሮ ለስምንት።

አቶ ልሳኑ፦ ለስምንቱም ጥላው መሆኑን ይነግሯቸዋል።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ይህ በሐሳቡ ውስጥ አለ?

አቶ ልሳኑ፦ ሁለተኛው ነጥብ ነው።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሦስተኛም አለ?

አቶ ልሳኑ፦ ደረጃ የሚታጠብበትን ተራ ዝርዝር እኔ አውጥቼ በየፎቁ እለጥፋለሁ። ሃያ አራት ቤት፣ ሃያ አራት ሳምንት። የእርስዎ ተራ ግንቦት ላይ ይደርሳል።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ግንቦት ድረስ አላጥብም?

አቶ ልሳኑ፦ አያጥቡም።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ይህን በመጀመሪያ ቢነግሩኝ ኖሮ ሌላው ሁሉ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ባዶ እጄን ግን አልወጣም። ልጁ በተወለደ ማግስት የገዛሁለት ኮፍያ ያለው ፎጣ አለ፤ እስካሁን ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አሁን ስንት ሰዓት ሆነ?

አቶ ልሳኑ፦ ለአራት ሰዓት ስድስት ጉዳይ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ሳትደርስብኝ ሸራውን ማድረስ አለብኝ። ናሆምን ያውርዱልኝ፤ ሃያ ኪሎውን እሱ ይሸከም። ጆሮው የቀላው ለዚህ ነው።

አቶ ልሳኑ፦ አቤቱታውንስ ምን ላድርገው? ይነሣ ብዬ ልጻፍ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ይቆይ። ልጅ ልድር ነው፤ በልብ ደስታ ብቻ በርበሬ አይደርቅም። ፀሐይዋ አምስት ሰዓት ካልሞላች ተመልሼ መጥቼ እዚሁ ቁጭ እላለሁ።

አቶ ልሳኑ፦ ተገቢ ነው። «በእንጥልጥል» ብዬ ጽፌያለሁ። መልካም ቀን።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በስልክ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ሃሎ። ሃሎ፣ ጋሼ ልሳኑ? ደብሪቱ ነኝ፤ ከትርሲት በረንዳ ነው የምደውለው።

አቶ ልሳኑ፦ እስካሁን እዚያው ነሽ? ከጠዋት ጀምሮ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ቀስ ብለው ይናገሩ። ልጁ ጉልበቴ ላይ ተኝቷል።

አቶ ልሳኑ፦ እኔ እኮ ቤቴ ነኝ።

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ድምፅዎ ከስልኩ ይወጣል። እናቱንም ተኚ ብያት ተኝታለች፤ ሌሊቱን አላስተኛትም። ናሆምን ሽንኩርት ልኬዋለሁ። መዝገቡ አጠገብዎ ነው?

አቶ ልሳኑ፦ አጠገቤ ነው። እስክሪብቶም ይዣለሁ። አቤቱታው ይቆይ ወይስ ይነሣ?

ወ/ሮ ደብሪቱ፦ ይጻፉ። ፀሐይዋ የገባችው አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ ነው፤ ልክ ነዎት። ከሸራው ጫፍ የወረደችው አሁን፣ አሥር ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ።